በአማት ስም የተጠራው የውሃ ድብ

የሰውየው ሥራ ድብ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ተጠንቅቆት ነበር። ልጆቹን «ወደዚያ ቤት ድርሽ እንዳትሉ» ያለ አባት አለ። በር ላይ ቆሞ «ሰንሰለቱ ግን ጠንካራ ነው?» ብሎ የጠየቀም አለ። ኋላ ላይ፣ ድቦቹ ሃያ ሆነው ክብሪት ራስ ላይ ቢቀመጡ ቦታ እንደሚተርፋቸው ሲሰማ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ወደ ሳቅ ተለወጠና «ባለድቡ» የሚል ስም ወጣለት። ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ እንደ ጭስ ነው፤ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውሱት የደመወዝ ክፍሉና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ስትናደድ ነው።

ባለድቡ የሚሠራው በተፈጥሮ ሙዚየሙ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከከተማው በላይ ያሉትን ተራሮች በየወቅቱ ይወጣል። ድንጋይና ግንድ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ሽፋን በቢላ እየፋቀ በወረቀት ፖስታ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ እንደ እጅ መሐረብ ይጨምቀዋል፣ ጭማቂውን በማይክሮስኮፕ ያየዋል። እነሱም እዚያው አሉ፤ ስምንት እግር፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ፣ ከግብዣ ጠግቦ እንደሚመለስ ሹም የሚንገዳገዱ። የውሃ ድብ ይሏቸዋል። ደርቀው እንደ አቧራ ከርመው፣ ጠብታ ውሃ ሲነካቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

የባለድቡ የዕድሜ ልክ ሥራ በዚያ ተራራማ አገር ስንት ዓይነት የውሃ ድብ እንዳለ ለይቶ መጻፍ ነው። መለየቱ ላይ ነው ጭንቁ። ሰው በመልኩ ይለያል፤ የውሃ ድብ ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ጥፍራቸውን ያያል፤ ከሥሩ ነው የሚከፈለው ወይስ ከመሃሉ? ቀጥሎ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚወርደው ቧንቧ ሰፊ ነው ጠባብ? በግራና በቀኙ ያሉት እንደ ወስፌ የሾሉ ሁለት ጥርሶች እንዴት ነው የቆሙት? ጉሮሮ ውስጥ እንደ ዶቃ የተደረደሩት ማድቀቂያዎች ሁለት ናቸው ሦስት? «የሰውም ጉሮሮ እንዲህ ቢታይ» ይላል ባለድቡ፣ ይቺን ቀልዱን ሲወዳት፣ «ሐሜተኛ ከሩቁ ይለይ ነበር።»

ከውሃው አንሥቶ ወደ ማይክሮስኮፑ መስታወት የሚያሻግራቸው ደግሞ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በለጠፈው በሚስቱ ሽፋሽፍት ነው። ከዚያ የሚቀጥን መሣሪያ የለም። ሚስቱ ግን አቤቱታ አላት። «የሰው ባል አበባ ይዞ ይመጣል» ትላለች፤ «የኔው እየመጣ ይነቅለኛል።»

ሁሉም ስቆ ሲለምደው ያልሳቁት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ነበሩ። ጥርሳቸው ካለቀ ሰንብቷል፤ ምላሳቸው ግን የጥርሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። «የሰው አማች ድልድይ ይሠራል፣ ፎቅ ያቆማል» ይሉ ነበር ሰው በተሰበሰበበት። «የኔ አማች የሠራውን ለማየት መነጽር እንኳ አይበቃም። ልጄን የዳርኳት ለምን እንደሆነ አሁንም አልታይ ብሎኛል።» ባለድቡ አብሮ ይስቅና ሳቁ ሲያልቅ ሳህኑን ያያል። እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት ምሳ መብላት ግዴታ ስለሆነ፣ ሳህኑን በሚገባ ያውቀዋል።

አንድ ወቅት ላይ ከተራራው ጫፍ በታች ካለ ቋጥኝ የመጣ ፖስታ ከፈተ። በውሃው ውስጥ በተራራው ሁሉ የሚገኘው የተለመደው ዘር ይተራመሳል። መሃላቸው ግን አንዱ ለየት አለበት። ጥፍሩ እንደሌሎቹ ነው። አፉ ግን ባዶ ነው። ቧንቧ የለ፣ ወስፌ ጥርስ የለ፣ የጉሮሮ ዶቃ የለ፤ ወና ቤት ነው። ሌላ ፈለገ፣ አገኘ። ደግሞ ሌላ አገኘ። ጥርስ የሌላቸውን በሽፋሽፍቱ እያነሣ ወደ አንድ ሳህን ለየ፤ ጥርስ ያላቸውን «እናንተንማ እናውቃችኋለን» እያለ መለሳቸው። ሲጨርስ የባለ ባዶ አፎቹን ሳህን አየና፣ ሁሉም ጥርስ የላቸውም አለ። እንዴት ይኖራቸዋል? ጥርስ ያለውን ለቅሞ ያወጣው ራሱ ነው! ያቺን ግን በዚያን ሰዓት አላሰባትም።

በዚያው እሑድ፣ አማቱ ድልድይ የሚሠራውን የሰው አማች እንደገና ማንሣት ሲጀምሩ፣ ከአፉ ሾለከ።

«አዲስ ዘር አግኝቻለሁ፤ ዓለም ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ። ስሙንም በእርስዎ ነው የማወጣው።»

ማንኪያው በአማቱ እጅ መንገድ ላይ ቆመ። «በእኔ?»

«በእርስዎ።»

«ተጽፎ?»

«ተጽፎ። ለዘላለም።»

በዚያች ቀን ትልቁ የሥጋ ቁራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የባለድቡ ሳህን ላይ አረፈ። በሳምንቱ የድቡ ፎቶግራፍ በወርቃማ ፍሬም ተከቦ፣ ከሟች ባለቤታቸው ፎቶ አጠገብ ተሰቀለ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይቀመጥ በፊት ያየዋል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ነገር መጎንተል ከመርፌዋ ቀድማ የተማረች ሴት፣ ፎቶውን ጠጋ ብላ አይታ «እንዴ፣ ጥርስ የሌለውን ነው እንዴ ያገኘልሽ?» አለች።

«ጥርስ ያለውማ ሞልቷል» አሉ አማቱ። «አንቺም አለሽ፤ ግን ማን ስም አወጣልሽ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይቻልም። ባለድቡ መስታወት ላይ አድርቆ ካስቀመጣቸው ድቦች መሃል አንዲት የተለየች ነበረች። አፏ እንደሌሎቹ ባዶ ነው፤ እግሯ ላይ ግን ድርብ ጥፍር ነበራት። አሮጌው ከውጭ፣ አዲሱ ከውስጥ፣ ጫማ ላይ ጫማ እንዳደረገ ሰው። የሙያው ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ቆዳዋን እየቀየረች ነው። የውሃ ድብ ቆዳውን ሊቀይር ሲል ጥርሱንም የጉሮሮውንም ዕቃ ተፍቶ፣ አፉን ዘግቶ ይቀመጥና ሁሉንም እንደ አዲስ ያበቅላል። ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ዘር አገኘሁ ብሎ ይጮሃል። ባለድቡ ራሱ ለሥራ ልምምድ የሚመጡትን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምራቸው ይህንኑ ነው። «ጥርስ የሌለው ካያችሁ ታገሡ። ልብስ እየቀየረ ነው። ልብስ በሚቀይር ሰው ላይ በር አይከፈትም።»

ያቺን መስታወት ሲያይ ጀርባውን ቀዝቃዛ ነገር ዳሰሰው። «የብርሃኑ ነገር ነው» አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር ጮክ ብሎ። መስታወቷንም ከመሳቢያው ሥር፣ ካለፈበት የግድግዳ ካላንደር በታች ከተታት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የባለድቡ ግን ዓይኑ አጥርቶ አይቶ፣ እምቢ ያለው ልቡ ነው።

የሙዚየሙ ኃላፊ፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚላት ጭምት ሴት፣ ወሬውን በደስታ ተቀበለች። ጽሑፉ ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት ቅዳሜ ለሕዝብ እንዲነገር ወሰነች። ፖስተር ታዘዘ። «እንግዳ ፎቶ አይቶ አይጠግብም» አለችው። «በሕይወት ያሉ ይኑሩን፤ በማይክሮስኮፕ ያያሉ።»

ባለድቡም ጥርስ የሌላቸውን በሕይወት ለቅሞ ትንሽ ሳህን ውስጥ ለብቻቸው አኖራቸው፣ ከደናቸው፣ የሚበሉትን ሰጣቸው። ቀናት አለፉ። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ሳህኑ ውስጥ ባዶ ቆዳዎች እንደ ወለቀ ካልሲ ተዝረክርከዋል። ድቦቹ ደግሞ ጥርስ በጥርስ ሆነው ይበላሉ! ቧንቧው አለ፣ ወስፌዎቹ አሉ፣ የጉሮሮው ዶቃዎች ምንም ሳይጓደሉ ተደርድረዋል። የተለመደው ዘር፣ ቁልጭ ብሎ።

መጀመሪያ ሰው ጠረጠረ። «ማነው ይህን ሳህን የነካው?» ብሎ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ጮኸ። ማንም አልነካውም። ሌላ ሳህን አዘጋጀ፣ ሌሎች ባዶ አፎችን ለቀመ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እነዚያም በተራቸው ልብሳቸውን ለወጡና ጥርሳቸውን አወጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ባለድቡ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ክፍሉ ውስጥ የሚያየው አልነበረም፤ ቢሆንም ሸፈነ።

ያሳፈረው ስሕተቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። መሳቢያው አለ። ካላንደሩ አለ። ዓይኑ ሳያስበው ወደዚያ በሄደ ቁጥር ጆሮው ድረስ ይግላል። ደግሞስ አማቱን ምን ብሎ ነው የሚያያቸው? ሰፈሩን በሙሉ ለቅዳሜ ጠርተዋል። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፤ በአገሩ የውሃ ድብ አፍ ውስጥ ገብቶ የሚመረምር ሰው እሱ ብቻ ነው። ይህች ሐሳብ ስትመጣ ጣፈጠችው። ስለጣፈጠችው ደግሞ ይበልጥ አፈረ።

ከዚያ ብልሃት የመሰለች ነገር ታየችው። አማቱ ጋ ሄዶ እውነቱን ይነግራቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ ስማቸውን የሚወዱ ሴት ናቸውና፣ «አደራ እንዳታዋርደኝ፤ ዝም በል» ይሉታል። ያን ጊዜ ዝምታው የእሱ አይሆንም፤ ታዛዥ አማች ይባላል እንጂ።

ሲደርስ አማቱ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው ወንበር ላይ ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ጠርዙን ትለካለች። ፊቱን አየችና «ክር ረስቻለሁ» ብላ ወጣች። እስከ በሩ ጀርባ ድረስ ነበር የወጣችው።

«እማማ» አለ ባለድቡ፣ «ድቡ…»

«ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ጥርስ አወጣ።»

አማቱ ከወንበሩ ላይ ቁልቁል አዩት። «በዚህ ዕድሜው?»

ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ቆዳው፣ ስለሚተፋው ጥርስ፣ ተመልሶ ስለሚበቅለው። «አዲስ ዘር አይደለም። ድሮም የነበረው ነው።»

«እሱስ ታድሏል» አሉ፣ ድዳቸውን በምላሳቸው ዳሰስ አድርገው። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። «እና በኔ ስም የሚጠራ የለም በለኛ።»

«የለም።» ባለድቡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን… እስካሁን የሚያውቀው የለም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እና ለእርስዎ ክብር ስል፣ ካሉኝ…»

«ካልኩህ ምን?»

«ዝም ልል እችላለሁ።»

አማቱ ከወንበሩ ወረዱ። መርፌው ገና ያልተነቀለለትን ጠርዝ ሰብስበው ፊቱ ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ ለኔ ልትነግረኝ ነው የመጣኸው ወይስ ቀሚሴ ሥር ልትደበቅ? ውሸቱን አንተ አብስለህ፣ እኔ ላቅርበው?»

መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠው በወደደ። መሬቱ ግን ምንጣፍ ለብሶ ጸጥ ብሏል።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ትናንት በደንብ…»

«በደንብ ያላወቅኸውስ?»

«ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ ባለድቡ። ድምፁ ለራሱም የተሰማው አልመሰለውም።

«የተጠረጠረ ነገር ምሳ ላይ አይወራም» አሉ አማቱ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር እሱ አልለየውም፣ የድብ አፍ እንጂ የሰው አፍ ማንበብ አልተማረም። «ሂድ፣ ለአለቃህ ንገር።»

«የጠሩትን ሰውስ? ቀርቷል ይበሏቸው…»

«ለምን ይቀራል? ቀሚሱ ተሰፍቷል!»

ከዚያው ሳያቆም ሙዚየም ሄደ። ዶክተሯ አልጮኸችም። በሩን ዘጋች፣ ውሃ ቀዳችለት። «ጽሑፉ አልተላከም፣ እግዜር ይስጥህ» አለች። «ስሕተት የሙያው ነው። ሌላ ሰው ሳይሆን አንተው አገኘኸው።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባለድቡ ቀና ብሎ ይወጣ ነበር። እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ሆኖ ከመሳቢያው ያወጣትን መስታወት ይዟል። ጠረጴዛዋ ላይ አኖራት። ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች፤ ድርብ ጥፍሩን እሷም ታውቀዋለች።

«ይህቺን መቼ ነው ያየሃት?»

«ከመጻፌ በፊት።»

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አንሥታ እሱን አየችው። አሁን ውሃ የቀዳችለት ሴት አትመስልም። «ስለ ስሕተቱ ቅዳሜ ትናገራለህ፤ ግድ ነው» አለች። «ስለዚህቺ ግን አላስገድድህም። አንተ ታውቃለህ።» መስታወቷንም መልሳ በመዳፉ ላይ አኖረችለት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የልብስ ሰፊዋ ክር ሥራውን ሠርቶ ስለነበር ያልተጠሩትም መጥተዋል። ፖስተሩ ላይ «አዲስ ዘር» የሚለው በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ግን ከሥሩ ይነበባል። አማቱ በአዲሱ ቀሚስ ከፊት ረድፍ መሃል፣ ሙሽራ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ከጎናቸው ጫማዋን ታያለች።

ባለድቡ ተናገረ። ጥርስ የለሽ ያለው ድብ ልብስ እየቀየረ እንደነበረ፣ ጥርስ ያላቸውን ራሱ ለይቶ ጥሎ ሁሉም ጥርስ የላቸውም እንዳለ አስረዳ።

«ጥርስ አወጣሽ በለኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ አማቱ ዞራ። «እንኳን ደስ ያለሽ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለድቡም ፈገግ ለማለት ሞከረ። አሁን «አመሰግናለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ሳቅ እኮ ጥሩ ብርድ ልብስ ነው። ኪሱን ዳሰሰ። መስታወቷ አለች።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ። «አላወቅሁም ነበር ብዬ ብቀመጥ ውሸት ነው። ልብስ ስትቀይር የተያዘች አንዷን ቀድሜ አይቻት ነበር። ደበቅኋት።»

በዚህ ማንም አልሳቀም። ሳቁ ይሻለው ነበር። ከኋላ አንድ ሽበታም የትምህርት ቤት መምህር ተነሣና በጨዋ ድምፅ ጠየቀ፤ «ይቅርታ፣ እና እስከዛሬ የለዩዋቸው ሌሎቹስ? እነሱንስ እንዴት እንመን?»

በሰላም የተጠየቀ ጥያቄ ነበር፤ ከስድብ ይልቅ የጠለቀውም ለዚህ ነው። ባለድቡ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ዓይኑ እስኪቀላ ያያቸውን፣ ጥፍር በጥፍር የለያቸውን ሁሉ አሰበ። «አሁን ላይ አትመኑ» አለ። «ሁሉንም እንደገና አያለሁ። ከኔ ጋር ሌላ ሰው ያያል።»

ዶክተሯ «በሕይወት ያሉትን ማየት የምትፈልጉ ኑ» ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠቆመች። የተነሣ የለም። ሰው ሁሉ ተራራ ውጡ የተባለ ይመስል ወንበሩን ይዟል። መጨረሻ ላይ አማቱ ተነሡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እየተንጎማለሉ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አስጠጉ።

«አየሁት» አሉ ወዲያው፣ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ። «ይኸው፣ ጥርስ አለው። ሁለት። ልጄ እውነቱን ነው የነገራችሁ!»

ባለድቡ የሚያሳዝን ነገር ያየው ያን ጊዜ ነው። ከመደንገጡ የተነሣ የማይክሮስኮፑን መብራት አላበራም። አማቱ ያዩት ድፍን ጨለማ ነው። «ልጄ» ሲሉትም ገና ዛሬ መስማቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ልትሰለፍ ተነሥታለች። እጁን ሰዶ ቀስ ብሎ ቢያበራ ማንም አያውቅም።

«እማማ» አለ፤ ጠጋ ብሎም ደገመው። «እማማ፣ መብራቱ አልበራም። ምንም ሊታይዎት አይችልም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ረስቼው ነው።»

አማቱ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም። አንገታቸው ብቻ ትንሽ ቀላ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ። «አብራዋ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። ባለድቡ አበራው። አማቱ ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ ይበልጥ ጎንበስ አሉ፣ ቀና ሳይሉ ቆዩ። ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም። «ምን ይታይሻል? ንገሪን እንጂ!»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።»

ባለድቡ ከጎናቸው ቆሞ፣ ፊቱ እንደ ፍም እየነደደ፣ ከኋላቸው መሰለፍ የጀመረውን ሰው ጫማ ጫማውን ያያል።